ሪስሊንግ፣ ልጆቹ እና ሲልቫነር፦ ከጀርመን ነጭ ወይኖች የትኛውን እንምረጥ?

ጀርመን ውስጥ ወደ አንድ የወይን መሸጫ ሲገቡ ሪስሊንግ፣ ሙለር ቱርጋው፣ ሲልቫነር፣ ሾይሬበ፣ ከርነር፣ ባኩስ የሚሉ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ተደርድረው ያገኛሉ። ሁሉም ነጭ ናቸው፤ አብዛኞቹ ጠርሙሶች ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ዋጋቸው ግን በብዙ እጥፍ ይለያያል። ገዢው የሚያምር ሥዕል ያለበትን አንስቶ ይሄድና ቤት ገብቶ ሲከፍተው፣ ጣፋጭ ይሆናል ብሎ የጠበቀው አፍ የሚያጨማድድ ኮምጣጣ፣ ኮምጠጥ ይላል ብሎ የጠበቀው ደግሞ ጣፋጭና ልል ሆኖ ያገኘዋል።

ምርጫውን ከሁለት ጥያቄ መጀመር ይሻላል። ወይኑ ምን ያህል አሲድ አለው? አሲዱን የሚመጥን ስኳርስ ቀርቶበታል ወይ? የዝርያው ስም የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ስለሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛውን የሚመልሰው የጠርሙሱ ወረቀት ነው። ስሙን ለመረዳት ደግሞ የዘር ሐረጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ ከተዘረዘሩት ስድስቱ አራቱ ሪስሊንግን ወላጅ ወይም አያት አድርገው በሰው እጅ የተዳቀሉ ናቸው። አዳቃዮቹ ምን ፈልገው እንደነበር፣ ምን አግኝተው ምን እንዳጡ የሚያውቅ ሰው ጠርሙሱን ሳይከፍት ብዙ ነገር ይገምታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪስሊንግ፦ ሌሎቹ የሚለኩበት

ሪስሊንግ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰው ማርች 13 ቀን 1435 ነው። የካትዘንኤልንቦገን ግራፍ (የግዛቱ መስፍን) የነበረው ዮሐን 4ኛ በሩሰልስሃይም ያስያዘው የወጪ መዝገብ፣ ለወይን እርሻው የሚሆን የሪስሊንግ ተክል በ22 ሺሊንግ መገዛቱን ይናገራል። ሩሰልስሃይም ዛሬ ከፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። የዲኤንኤ ምርመራ እንዳሳየው አንዱ ወላጁ ሆይኒሽ የሚባለው፣ በመካከለኛው ዘመን በየመንደሩ ይተከል የነበረ ተራ ነጭ ወይን ነው። ይኸው ሆይኒሽ የሻርዶኔም ወላጅ ነው። የሪስሊንግ ሌላው ወላጅ ደግሞ ከዱር ወይንና ከትራሚነር እንደተወለደ ይታመናል።

ክብሩን ያገኘው ግን ቆይቶ ነው። ራይንጋው በሚባለው የጀርመን የወይን ክልል የሚገኘውን የዮሐኒስበርግን ርስት የፉልዳ ልዑል አበምኔት በ1716 ገዝቶ፣ ከ1720 ጀምሮ ተዳፋቱን በሪስሊንግ አስተከለው። በ1787 ደግሞ የትሪር ልዑል ሊቀ ጳጳስ ክሌመንስ ቬንጸስላውስ በሞዘል ሸለቆ መናኛው ተክል ተነቅሎ በተሻለ ዝርያ እንዲተካ አዘዘ። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ካለው ወደ 100,000 ሄክታር የሚጠጋ የወይን እርሻ አንድ አራተኛው ገደማ ሪስሊንግ ነው።

ጠባዩ ከአበቃቀሉ ይመነጫል። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ የክረምት ውርጭ አይበግረውም። ፍሬው ትንንሽ ነው፤ የሚበስለውም ዘግይቶ ነው። ሙለር ቱርጋው በሴፕቴምበር ተለቅሞ ሲያልቅ ሪስሊንግ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ኖቬምበር ድረስ ከሐረጉ ሳይወርድ ይቆያል። በዚያ ቅዝቃዜ ቀስ እያለ ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፤ አሲዱ ግን እንደሌሎቹ ቶሎ አይወርድም። በሊትር ከ7 እስከ 9 ግራም አሲድ ያለው ሪስሊንግ የተለመደ ነው፤ ሙለር ቱርጋው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 አካባቢ ነው። የ2 ወይም የ3 ግራም ልዩነት ጥቂት ይምሰል እንጂ፣ አፍ ላይ ሲደርስ ሎሚ በተጨመቀበትና ባልተጨመቀበት ሰላጣ መካከል ያለውን ያህል ነው።

ዘግይቶ መብሰሉ ዋጋ ያስከፍላል። ሪስሊንግ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ፀሐይ የማያጣው ተዳፋት ካላገኘ በቀዝቃዛ ዓመት ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ሞዘል ላይ የሚተከለው ሺፈር በሚባል፣ በስስ በስሱ በሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ብሬም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት የተባለው እርሻ ቀጥ ያለ ገደል ሊባል የሚችል ነው፤ ቁልቁለቱ በአንዳንድ ቦታ 65 ዲግሪ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ትራክተር አይወጣም፤ መግረዙም፣ ማሰሩም፣ ለቀማውም በእጅ ነው። ከእንዲህ ያለ ተዳፋት የመጣ ጠርሙስ የሚወደደው በዚህ ጉልበት ምክንያት ነው፤ ለእኛ ተገቢ ዋጋ ነው።

ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣ ሪስሊንግ አረንጓዴ ፖምና ሎሚ ይሸታል፤ ሞቅ ካለው ከፕፋልትስ ክልል የመጣው ወደ ኮክና አፕሪኮት ያደላል። ጠማቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የኦክ በርሜል አያስነኩትም፤ የእንጨትና የቫኒላ ጣዕም የፍሬውን መዓዛ ይሸፍናልና። ባቱ (ዝዋይ) በሚመረተው ሻርዶኔ ምላሱን ያለማመደ ሰው ሪስሊንግን መጀመሪያ ሲቀምስ ቀጭንና ስለታም ሊመስለው ይችላል። ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ይሞክረው፤ ፍርዱ ያኔ ይለወጣል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ዕድሜ ያለው ሪስሊንግ የላምባ ጠረን ያመጣል። ብዙ ሰው ወይኑ ተበላሽቷል ብሎ የሚደፋው በዚህ ምክንያት ነው። መነሻው ቲዲኤን የሚባል ውህድ ነው፦ ፀሐይ ያገኘው ፍሬ ውስጥ የሚከማቹት ካሮቲኖይድ የሚባሉ ቀለም ሰጪ ውህዶች ሲፈራርሱ የሚተዉት ቅሪት፣ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ሲያረጅ ቀስ በቀስ ወደዚህ ውህድ ይለወጣል። በ10 ዓመት ሪስሊንግ ላይ ሳሳ ብሎ ከማርና ከደረቀ አፕሪኮት መዓዛ ጋር ሲመጣ ጥሩ ምልክት ነው። ገና 1 ዓመት ባልሞላው ወይን ላይ ጎልቶ ከወጣ ግን ወይ ዓመቱ በጣም ሞቃት ነበር፣ ወይ ገበሬው ቅጠሉን ከልክ በላይ መልምሎ ዘለላውን ለፀሐይ አጋልጦታል። ጠረኑን ጨርሶ የማይወድ ሰው ከሞዘል የመጣ ወጣት ጠርሙስ ገዝቶ በ2 ዓመት ውስጥ ይጠጣ።

ሙለር ቱርጋው፦ ቀላሉ ልጅ

በ1882 ከስዊዘርላንዱ ቱርጋው ካንቶን የመጣው ሄርማን ሙለር፣ ጋይዘንሃይም በሚገኘው የወይን ምርምር ተቋም ውስጥ የሪስሊንግን መዓዛ ቶሎ ከሚበስል ዝርያ ጋር ለማዋሐድ ተነሣ። ውጤቱ የሪስሊንግና የሲልቫነር ልጅ ነው ተብሎ ተመዘገበ፤ እስከ ዛሬ አንዳንድ ጠርሙስ ላይ «ሪቫነር» የሚለው ስም የቀረው ከዚህ ነው። በኋላ የመጣው የዲኤንኤ ምርመራ ግን ሁለተኛው ወላጅ ማድሌን ሮያል የተባለች፣ ለገበታ የምትበላ ወይን እንደሆነች አረጋገጠ።

ተክሉ ለገበሬው የታዘዘለት ይመስል ነበር። ቶሎ ይበስላል፣ ተዳፋት አይጠይቅም፣ ድንች በሚበቅልበት ሜዳ ላይ እንኳ ብዙ ምርት ይሰጣል። ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በጀርመን በስፋት አንደኛ ነበር። ሊብፍራውሚልሽ በሚል ስም በገፍ ወደ ውጭ የተላከው ርካሽ ጣፋጭ ወይን በአብዛኛው ከዚህ ዝርያ ነበር የሚቀመመው፤ የጀርመን ነጭ ወይን ስሙ የጎደፈውም በዚያ ዘመን ነው። ድክመቱ ሦስት ነው። እንጨቱ ለስላሳ በመሆኑ በ1979 መባቻ የወረደውን ዓይነት ብርቱ ውርጭ አይችልም። ልጣጩ ስስ ስለሆነ ዝናብ ሲበዛ ይሻግታል። ምርቱ ካልተገደበ ደግሞ ጣዕሙ ይሳሳል፤ አሲዱም ከመጀመሪያውኑ ዝቅተኛ ስለሆነ የሚደግፈው ነገር የለም።

ጥሩው ሙለር ቱርጋው ስስ የአበባና የገውዝ ሽታ ያለው፣ ለመጠጣት የማይከብድ ወይን ነው። ከፍራንከን ክልል ወይም ከቦደንዜ ሐይቅ ዳር የመጣ፣ «ትሮከን» (ደረቅ) የሚል፣ በአምራቹ የታሸገ፣ ዕድሜው ከ2 ዓመት ያልበለጠ ይምረጡ። ከዚያ በላይ ማስቀመጥ ትርፍ የለውም።

ከርነርና ባኩስ

ከርነርን በ1929 ያዳቀለው አውግስት ሄሮልድ ነው፤ ቦታው ቫይንስበርግ፣ ወላጆቹ ትሮሊንገር የተባለው ቀይ ወይንና ሪስሊንግ ናቸው። ስያሜው በዚያችው ከተማ ይኖር ለነበረው ሐኪምና ገጣሚ ዩስቲኑስ ከርነር መታሰቢያ ነው። ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ ከጸደይ ውርጭ ያመልጣል፤ ከሪስሊንግ ቀድሞ ይበስላል፤ አሲዱም ደህና ነው። የጎደለው ጥራትና ጥልቀት ነው፤ ሪስሊንግ ጥርት ብሎ የሚናገረውን ከርነር ወፍራም ድምፅ ይሰጠዋል። በጋውን ሙሉ የጎን ቀንበጥ ስለሚያወጣ ሳይመለመል ከቀረ ዘለላው በቅጠል ይታፈናል። የሚያስደንቀው፣ ምርጥ ከርነር ከሚባሉት ብዙዎቹ የሚመጡት ከሰሜን ጣሊያን፣ ከደቡብ ቲሮል የአይዛክ ሸለቆ ነው። ከፍታውና ቀዝቃዛው ሌሊት የጎደለውን ጥራት ይሰጡታል። ከርነር ከፈለጉ መጀመሪያ ያንን ይቅመሱ።

ባኩስ የሲልቫነርና የሪስሊንግ ድቅል ከሙለር ቱርጋው ጋር ተዳቅሎ፣ በ1933 በጋይልቫይለርሆፍ የተገኘ ነው። መዓዛው ብዙ፣ አሲዱ ጥቂት ነው። ለስለስ ያለ ጣፋጭ ወይን ለሚወድ ሰው ከፍራንከን የሚመጣው ይበቃል።

ሾይሬበ፦ ልጅ ሆኖ የራሱን መንገድ የያዘ

በ1916 ጌኦርግ ሾይ፣ በራይንሄሰን ክልል ውስጥ በምትገኘው አልጻይ ከተማ፣ ከዘር ካበቀላቸው ችግኞች አንዱን ቁጥር 88 ብሎ መዘገበው። ኦስትሪያውያን እስከ ዛሬ ወይኑን «ዜምሊንግ 88» ይሉታል፤ ጀርመኖች በአዳቃዩ ስም ሾይሬበ ይሉታል። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሲልቫነርና የሪስሊንግ ልጅ ነው ሲባል ቆየ። በ2012 የወጣው የዲኤንኤ ውጤት ግን ሁለተኛው ወላጅ ቡኬትራውበ መሆኑን አሳየ። ቡኬትራውበ ራሱ የሲልቫነርና የትሮሊንገር ልጅ በመሆኑ፣ ሲልቫነር ወላጅ መሆኑ ቀርቶ አያት ሆነ ማለት ነው።

ዘር ቆጠራው እዚህ ላይ የሚገርም ነገር ያመጣል። የሙለር ቱርጋው ወላጅ የሆነችው ማድሌን ሮያልም በትሮሊንገር በኩል ነው የተወለደችው። ስለዚህ ሦስቱም፣ ሙለር ቱርጋው፣ ከርነርና ሾይሬበ፣ በአንድ ወገን ሪስሊንግ፣ በሌላው ወገን ይህ ፍሬው ትልልቅ የሆነ፣ ብዙ የሚያፈራ ቀይ ወይን አላቸው። ከሪስሊንግ ስስነት ወደ ምርታማነት የሚጎትታቸው ደም በከፊል ከእሱ የመጣ ነው። ከሦስቱ የሪስሊንግን አሲድ በደንብ የያዘውና አዲስ መዓዛ የጨመረው ሾይሬበ ብቻ ነው ብለን እናምናለን፤ ከሪስሊንግ ጎን የምናስቀምጠውም እሱን ነው።

መዓዛው ጎላ ያለ ነው፦ ግሬፕ ፍሩት፣ ብላክከረንት፣ በደንብ ሲበስል ማንጎና ፓሽን ፍሩት። ይህን የሚሰጡት ድኝ ያለባቸው፣ እጅግ በጥቂት መጠን እንኳ አፍንጫ የሚለያቸው ውህዶች ናቸው፤ ሶቪኞን ብላን ላይም የሚገኙት እነሱው ናቸው። ሶቪኞን ብላን የሚወድ ሰው ከጀርመን ምን ልግዛ ቢል መልሱ ደረቅ ሾይሬበ ነው።

የሚበላሸውም በዚሁ ጎኑ ነው። ሳይበስል የተለቀመ ሾይሬበ የድመት ሽንት ይሸታል፤ ብርጭቆው ውስጥ ሲቆይም አይለቅም። ምክንያቱ ቀጥተኛ ነው፦ ከእነዚህ ውህዶች አንዱ ብቻውን ሲጎላ የሚሸተው እንዲያ ነው፤ ከበሰለ ፍሬ መዓዛ ጋር ሲዋሐድ ግን ግሬፕ ፍሩት ይመስላል። ስለዚህ ሾይሬበ እንደ ሙለር ቱርጋው በየሜዳው የሚተከል አይደለም፤ ሪስሊንግ የሚፈልገውን ዓይነት ጥሩ ቦታ ይጠይቃል። ለገዢው የሚጠቅመው ምልክት አልኮሉ ነው። «ትሮከን» የሚል ሾይሬበ 12 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ካለው ፍሬው በስሎ እንደተለቀመ መገመት ይቻላል፤ 10.5 በመቶ ላይ ያለ ደረቅ ሾይሬበ ግን ያጠራጥራል። ጣፋጩ ሾይሬበ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ አሲዱ ስኳሩን ስለሚሸከምለት ቤርንአውስሌዘ የሚባለው እጅግ ጣፋጭ ደረጃ ያለው ጠርሙስ ከሪስሊንግ ጣፋጮች ጎን በእኩልነት ይቆማል። ራይንሄሰንና ፕፋልትስ ላይ ይፈልጉ።

ሲልቫነር፦ ጎረቤቱ

ሲልቫነር ከሪስሊንግ አልተወለደም። ወላጆቹ ትራሚነርና ኦስተራይሺሽ ቫይስ የተባለው የኦስትሪያ ነጭ ወይን ናቸው። ጀርመን ውስጥ መተከሉ የሚታወቀው ከ1659 ጀምሮ ነው፤ ቦታው በፍራንከን የምትገኘው ካስትል ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጀርመን ብዙ ቦታ የያዘው ዝርያ እሱ ነበር። ዛሬ በስፋት ራይንሄሰን ቢቀድምም፣ ክብሩ ያለው በቩርትስቡርግ ዙሪያ ባለው ኖራማ አፈር ላይ ነው። የፍራንከን ሲልቫነር ቦክስቦይተል በሚባል አጭር፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ጠርሙስ ስለሚመጣ ከሩቅ ይለያል።

መዓዛው አይጮህም፤ ፒር፣ ሣር፣ እርጥብ ድንጋይ። አሲዱ ከሪስሊንግ ያንሳል፤ ከሙለር ቱርጋው ግን ጠንከር ይላል። ለብቻው ሲጠጣ ተራ ይመስላል፤ ምግብ ሲቀርብ ግን ጥቅሙ ይታያል፤ የምግቡን ጣዕም አይቀማምና። ጀርመኖች በአፕሪልና በሜይ ከነጭ አስፓራገስ ጋር የሚያቀርቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

የጠርሙሱን ወረቀት ማንበብ

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ስንት ስኳር ቀርቶበታል የሚለው፣ የሚመለሰው እዚህ ነው። «ትሮከን» ማለት በሊትር እስከ 9 ግራም ስኳር ነው፤ ይህም አሲዱ ከስኳሩ ከ2 ግራም በላይ ካላነሰ ነው። «ሃልብትሮከን» እስከ 18 ግራም ይደርሳል። «ሊብሊሽ» እስከ 45፣ «ዙስ» ከዚያ በላይ ነው። «ፋይንሄርብ» የሚለውን ቃል ሕጉ በቁጥር አልወሰነውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሃልብትሮከን አካባቢ ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ነው።

ከእነዚህ አንዱም ካልተጻፈ አልኮሉን ይመልከቱ። እርሾ 1 በመቶ አልኮል ለመስጠት በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ይበላል። ተፈልቶ ቢያልቅ 11 በመቶ ሊደርስ የሚችል ጭማቂ 8 በመቶ ላይ ከቆመ፣ 3 ጊዜ 17፣ ማለትም 50 ግራም ገደማ ስኳር ቀርቶበታል። በጥቅሉ ከ7 እስከ 9 በመቶ ያለው ጣፋጭ፣ 10 እና 11 አካባቢ ያለው ለስለስ ያለ፣ ከ12 በላይ ያለው ደረቅ ነው ብሎ መነሣት ይቻላል። እጅግ ጣፋጮቹ፣ ቤርንአውስሌዘና ከዚያ በላይ ያሉት፣ በትንሽ ጠርሙስና በውድ ዋጋቸው ስለሚታወቁ አያሳስቱም።

ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉት ቃላት የሚለኩት ከለቀማ በኋላ ጭማቂው ውስጥ ባለው ስኳር ነው፤ መለኪያው ኧክስለ ይባላል፤ ስሙ ከፎርትስሃይሙ ፈርዲናንድ ኧክስለ የመጣ ነው። ካቢኔት እንደ ክልሉና እንደ ዝርያው ከ67 እስከ 82፣ ሽፔትሌዘ ከ76 እስከ 90፣ አውስሌዘ ከ83 እስከ 100 ባለው ውስጥ የተወሰነ ዝቅተኛ መጠን ማሟላት አለበት። ሽፔትሌዘ የተጀመረው በ1775 ዮሐኒስበርግ ላይ፣ ከፉልዳ የሚጠበቀው የለቀማ ፈቃድ ዘግይቶ ፍሬው በሻጋታ በተያዘበት ዓመት ነው ተብሎ ይተረካል፤ ወይኑ ከተጠበቀው በላይ ጣፈጠ።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ኧክስለ የሚለካው ስኳርን እንጂ አሲድን አይደለም። ቶሎ የሚበስሉ ድቅሎች ብዙም ሳይለፋባቸው የአውስሌዘን ቁጥር ያልፋሉ፤ አሲድ ስለሌላቸው ግን ወይኑ ይከብዳል፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ አያስመኝም። በርካሽ የሚሸጥ፣ የዝርያ ስም ያልተጻፈበት አውስሌዘ ካዩ ይለፉት። በዚያው ገንዘብ የሚገኝ የሪስሊንግ ካቢኔት የተሻለ ነው። የዝርያ ስም ከተጻፈ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያ ዝርያ መሆን አለበት።

የቦታ ስምም ያታልላል። «ፒስፖርተር ጎልትትሮፕፍሸን» አንድ የታወቀ ተዳፋት ነው፤ «ፒስፖርተር ሚሸልስበርግ» ግን የብዙ መንደሮችን እርሻ የሚያጠቃልል ሰፊ ስም ነው፤ ወይኑ ከፒስፖርት ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። በ1971 የወጣው የወይን ሕግ ሁለቱ ወረቀት ላይ እንዲመሳሰሉ ፈቀደ። መለያው «ጉትስአብፉሉንግ» የሚለው ቃል ነው፤ በራሱ በአምራቹ እርሻ ተለቅሞ፣ ተጠምቆ፣ ታሽጓል ማለት ነው። «አብፉለር» ብቻ ካለ ገዝቶ የሚያሽግ ድርጅት ነው። «ኤ.ፔ.» ከሚለው የምርመራ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የተመረመረበትን ዓመት ያሳያሉ፤ ሙለር ቱርጋው ላይ ከ2 ዓመት በላይ የቆየ ቁጥር ካለ መልሰው ያስቀምጡት።

ለሐበሻ ማዕድ

ፍራንክፈርትና አካባቢው ያሉ አንባቢዎች ራይንጋውና ራይንሄሰን ቅርባቸው ስለሆነ ይህ ይመለከታቸዋል። በርበሬ ያለበት ምግብ ከፍተኛ አልኮል ካለው ወይን ጋር ሲቀርብ ያቃጥላል፤ አልኮል የሚጥሚጣንና የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋልና። ጥቂት ስኳር ደግሞ ያበርደዋል። ለዶሮ ወጥ 8 ወይም 9 በመቶ አልኮል ያለው የሞዘል ሪስሊንግ ካቢኔት የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ ስኳሩ በርበሬውን ያለዝባል፣ አሲዱ ቅቤውን ይቆርጣል። 13 በመቶ የሆነ ደረቅ ሪስሊንግ በዚሁ ማዕድ ላይ ይጣላል።

እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ መሆኑን አይርሱ። ኮምጣጣ ምግብ የወይኑን አሲድ ያደበዝዛል፤ ሙለር ቱርጋውና ባኩስ ከእንጀራ ጋር ሲቀርቡ ውኃ ውኃ የሚሉት ለዚህ ነው። ለጾም በያይነቱ ሃልብትሮከን ሪስሊንግ ይስማማል። ለክትፎ ከኮረሪማው ጋር የሚግባባው ፋይንሄርብ የሆነ ሾይሬበ ነው። በርበሬ ለሌለበት ዓሣ ጥብስና ለአልጫ የፍራንከን ሲልቫነር ይበቃል።

ቤት ከገባ በኋላ

ሪስሊንግንና ሾይሬበን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሲልቫነርን ከ10 እስከ 12 አድርገው ያቅርቡ። ከዚህ በላይ ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይደበቃል፣ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል። የሪስሊንግ ካቢኔት ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ሽፔትሌዘና አውስሌዘ ከዚያም ያልፋሉ። ሲልቫነርን በ3 ወይም በ5 ዓመት፣ ደረቅ ሾይሬበን በ3 ዓመት ውስጥ ይጠጡ። ጠርሙሱ ቀለም የሌለውን ከብርሃን ያርቁ፤ በሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ የቆየበት ወይን የተቀቀለ ጎመን ይሸታል።

ከጠርሙሱ ሥር ወይም ከቡሹ ላይ የብርጭቆ ስብርባሪ የሚመስሉ ነጭ ቅንጣቶች ካዩ ብርጭቆ አይደሉም። ወይኑ ሲቀዘቅዝ ታርታሪክ አሲድ ከፖታሲየም ጋር ሆኖ የሠራው ጨው ነው፤ አሲዱ ብዙ በሆነው ሪስሊንግ ላይ ያዘወትራል፣ አይጎዳም፤ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያቁሙና በቀስታ ይቅዱ። የተከፈተ ሪስሊንግ ክዳኑ ተዘግቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ወይም 5 ቀን ጣዕሙን ይይዛል፣ ጣፋጩ ከዚያም በላይ ይቆያል። ሙለር ቱርጋውን ግን በማግስቱ ይጨርሱት።